ማን ምን ይሠራል? ዩዝ ኬዝ ዲያግራምን በሆስፒታል ሶፍትዌር ምሳሌ እንማረው



እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ኮድ መጻፍ አልችልም። «ታዲያ ስለ ሶፍትዌር ዲያግራም እንድትጽፊ ማን ፈቀደልሽ?» የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው። የጤና ኢንፎርማቲክስ ኮርስ ስወስድ ከሁለት የኮምፒውተር ሳይንስና ከአንድ የቢዝነስ ተማሪ ጋር በአንድ ቡድን ተመደብኩ። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ዋርድ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ የማውቀው ደግሞ እኔ። ያገናኘን ዩዝ ኬዝ ዲያግራም የሚባለው ሥዕል ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። የመጀመሪያው፣ ሶፍትዌር የሚሠራ ወይም ለመሥራት የሚማር። ሁለተኛው እንደኔ ሌሎች የሠሩትን ሶፍትዌር ቀኑን ሙሉ የሚጠቀም፦ ነርስ፣ አካውንታንት፣ የሱቅ ሥራ አስኪያጅ፣ አስተማሪ። በተለይ ሁለተኛው ወገን ይህን ሥዕል ማንበብ ቢችል «ይሄ ሲስተም የኔን ሥራ አያውቀውም» ብሎ ከማማረር አልፎ የጎደለውን በጣቱ ማሳየት ይችላል።

ዩዝ ኬዝ ዲያግራም ምንድን ነው?

ዩዝ ኬዝ ዲያግራም አንድ ሲስተም ለማን ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሥዕል ነው። እንዴት እንደሚያደርገው አያሳይም። በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያደርገውም አያሳይም። ጥያቄው «ማን ነው የሚጠቀመው? ምን ጉዳይ ሊፈጽም ነው የመጣው?» የሚል ብቻ ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ስዊድናዊው ኢቫር ጃኮብሰን ነው። በኤሪክሰን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ ስልክ ደዋዩ ከማዞሪያው ምን እንደሚፈልግ በመግለጽ ሲስተሙን መንደፍ ጀመረ። በ1992 ይህንን መንገድ የሚያብራራ መጽሐፍ ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ። ከዚያ ከግራዲ ቡችና ከጄምስ ራምቦ ጋር ሆኖ ዩኤምኤል የሚባለውን የሥዕል ቋንቋ አዘጋጁ፤ በ1997 መደበኛ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ በየኮሌጁ የምንማረው ዩዝ ኬዝ ዲያግራም የዚህ ቋንቋ አንዱ ክፍል ነው።

ሥዕሉ አራት ነገር ብቻ አለው ማለት ይቻላል፦

1. አክተር። ከሲስተሙ ውጭ ሆኖ ሲስተሙን የሚጠቀም። ሕፃናት ወረቀት ላይ እንደሚስሉት ዓይነት የእንጨት ሰው ይሳላል፤ ስሙ ከሥሩ ይጻፋል።

2. ዩዝ ኬዝ። አክተሩ ሊፈጽመው የመጣው ጉዳይ። በሞላላ ክብ ውስጥ በግስ ይጻፋል፦ «መድኃኒት ማዘዝ»፣ «ቀጠሮ መያዝ»።

3. የሲስተሙ ወሰን። ትልቅ አራት ማዕዘን። ዩዝ ኬዞቹ ውስጥ፣ አክተሮቹ ውጭ ይሆናሉ።

4. መስመር። አክተሩን ከዩዝ ኬዙ ጋር የሚያገናኝ። መስመር ከሌለ ያ ሰው ያንን ጉዳይ አይፈጽምም ማለት ነው።

አክተር ማለት ሚና ነው

ጀማሪዎችን በጣም የሚያደናግረው ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አክተር ማለት የሰው ስም አይደለም፤ ሚና ነው።

ወላጆቻችሁ የገቡበትን ዕድር አስቡት። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተርና አባላት አሉት። ጋሽ እከሌ ገንዘብ ያዥ ናቸው እንበል። የወር መዋጮ ሲቀበሉ ገንዘብ ያዥ ናቸው። የራሳቸውን መዋጮ ሲከፍሉ ግን እንደማንኛውም ሰው አባል ናቸው። ሐዘን ከደረሰባቸው ደግሞ የዕድሩን ገንዘብ የሚቀበሉ ሐዘንተኛ ናቸው። ሰውየው አንድ፣ ሚናው ሦስት። ለዕድሩ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ጋሽ እከሌን አንድ የእንጨት ሰው አድርጎ ቢስላቸውና ሁሉንም መስመር ወደ እሳቸው ቢስብ፣ ሲስተሙ ገንዘብ ያዡ ለራሱ ክፍያ እንዲያጸድቅ ይፈቅዳል ማለት ነው። ጋሽ እከሌ ታማኝ ስለሆኑ ችግር አይታይ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ምርጫ ግን ሌላ ሰው ይመጣል። ሥዕሉ የሚሠራው ለሚቀጥለውም ሰው ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። አንድ ሚና ብዙ ሰዎች ሊይዙት ይችላሉ። ዋርድ ውስጥ ስምንት ነርሶች ቢኖሩ ስምንት የእንጨት ሰው አንስልም፤ «ነርስ» ብለን አንድ እንስላለን።

ደግሞም አክተር የግድ ሰው መሆን የለበትም። ከኛ ሲስተም ጋር መረጃ የሚለዋወጥ ሌላ ሲስተም፣ ለምሳሌ የላቦራቶሪው ሶፍትዌር፣ አክተር ነው። አንድ ነገር በሰዓቱ በራሱ የሚጀምር ከሆነ ሰዓቱን አክተር አድርገው የሚስሉም አሉ።

ምሳሌያችን፦ በዋርድ ውስጥ መድኃኒት መስጠት

አሁን እውነተኛ ሥራ እንውሰድ። እኔ በደንብ የማውቀው በአሜሪካ ሆስፒታሎች ተኝቶ የሚታከም ሰው መድኃኒት የሚያገኝበትን መንገድ ነው። ሐኪሙ በኮምፒውተር ያዝዛል፣ ፋርማሲስቱ ያጣራል፣ ነርሷ ትሰጣለች። ነርሷ ከመስጠቷ በፊት የታካሚውን የእጅ አምባርና የመድኃኒቱን ባርኮድ ስካን ታደርጋለች።

በነገራችን ላይ ይህን የባርኮድ ሐሳብ ያመጣችው ነርስ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ሱ ኪኒክ፣ የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው በእጅ መሣሪያ መኪናውን ስካን ሲያደርግ አየችና «ለመኪና ከተቻለ ለመድኃኒት ለምን አይቻልም?» አለች። ሐሳቡ በዚያው ሆስፒታል ተሞከረ፤ በኋላም በአገሪቱ ወዳሉት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሁሉ ተዳረሰ። ሥራውን የሚሠራው ሰው ሲጠየቅ ምን እንደሚገኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሥዕሉን ደረጃ በደረጃ እንሳለው።

አንደኛ፣ ወሰን። አራት ማዕዘን ስለን «የዋርድ መድኃኒት ሲስተም» እንበለው። የክፍያ ሲስተሙ፣ ቀጠሮው፣ የላቦራቶሪው ነገር ከዚህ ውጭ ነው። ወሰን ሳይሰመር የተጀመረ ሥዕል ግድግዳ ቢሰጡትም አይበቃውም።

ሁለተኛ፣ አክተሮች። ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ ነርስ፣ ተማሪ ነርስ። ከነሱ በተጨማሪ መድኃኒት የሚቀመጥበትና በመግቢያ ቁጥር የሚከፈተው የማከማቻ ማሽን የራሱ ሶፍትዌር ስላለው ውጫዊ ሲስተም ሆኖ ይሳላል።

ታካሚውስ? ቡድናችን በጣም የተከራከረበት ጥያቄ ነው። ሥራው ሁሉ ለታካሚው ነው፤ ግን በዚህ ሲስተም ላይ አንድም ነገር አይጫንም፣ ምንም አያነብም። አምባሩ ስካን ይደረጋል እንጂ እሱ አይጠቀምም። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ላይ አክተር አይደለም። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰውና ሲስተሙን የሚጠቀም ሰው የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፣ ዩዝ ኬዞች። ለእያንዳንዱ አክተር «ሲስተሙን ከፍተህ ምን ፈጽመህ ነው በእፎይታ የምትዘጋው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ፦ መድኃኒት ማዘዝ፣ ትዕዛዝ ማቋረጥ። ፋርማሲስቱ፦ ትዕዛዝ ማጣራት። ነርሷ፦ መድኃኒት መስጠት፣ ያልተሰጠ መድኃኒት ምክንያት መመዝገብ። ሦስቱም፦ የመድኃኒት መዝገብ ማየት።

«ፓስዎርድ ማስገባት» ለምን አልተጻፈም? ማንም ሰው ፓስዎርድ ለማስገባት ብሎ ሥራ አይገባም። ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ጉዳዩ የሚወስድ በር ነው። «አምባር ስካን ማድረግ»ም ለብቻው የነርሷ ግብ አይደለም፤ የመድኃኒት መስጠት አንድ እርምጃ ነው።

አራተኛ፣ መስመሮች። እያንዳንዱን አክተር ከሚመለከተው ጋር አገናኙ። ከነርስ ወደ «መድኃኒት ማዘዝ» መስመር የለም። ከሐኪም ወደ «ትዕዛዝ ማጣራት» መስመር የለም። የሌሉት መስመሮች ያሉትን ያህል ይናገራሉ፤ ያዘዘው ሰው ራሱ አጣሪ እንዳይሆን የሚያደርጉት እነሱ ናቸውና።

ኢንክሉድና ኤክስቴንድ

በሥዕሉ ላይ ሁለት ዓይነት የተቆራረጠ ቀስት ታያላችሁ። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥሉት እነዚህ ናቸው።

ኢንክሉድ ማለት ሁልጊዜ አብሮ የሚሠራ ማለት ነው። «መድኃኒት መስጠት» ሁልጊዜ «የታካሚን ማንነት ማረጋገጥ»ን ያካትታል። ሳይረጋገጥ የሚሰጥ የለም። ቀስቱ ከትልቁ ጉዳይ ተነሥቶ ወደሚካተተው ይሄዳል። የሚካተተው ነገር ለብቻው የሚወጣው ብዙ ጉዳዮች ስለሚጋሩት ነው፤ ደም ሲሰጥም ናሙና ሲወሰድም ማንነት ይረጋገጣልና።

ኤክስቴንድ ማለት አንድ ሁኔታ ሲፈጠር ብቻ የሚጨመር ማለት ነው። ብዙ ሆስፒታሎች እንደ ኢንሱሊን ላሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ ለሚፈልጉ መድኃኒቶች ሁለተኛ ነርስ እንድታረጋግጥ ያዛሉ። ለፓራሲታሞል ግን አይጠየቅም። ስለዚህ «የሁለተኛ ነርስ ማረጋገጫ» «መድኃኒት መስጠት»ን ኤክስቴንድ ያደርጋል። ቀስቱ እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ከተጨማሪው ተነሥቶ ወደ ዋናው ይሄዳል።

ሌላው የኤክስቴንድ ምሳሌ የአደጋ ጊዜ መግቢያ ነው። ነርሷ የምታየው የተመደበችላቸውን ታካሚዎች መዝገብ ነው እንበል። ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው በድንገት ቢወድቅስ? ሲስተሙ «መብት የለሽም» ብሎ በሩን ከዘጋ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሲስተሞች መስታወት መስበር የሚሉት መንገድ አላቸው፤ የእሳት አደጋ ደወል በመስታወት ተሸፍኖ እንደሚቀመጥ ማለት ነው። ነርሷ ምክንያቷን ትጽፋለች፣ መዝገቡ ይከፈትላታል፣ መክፈቷም ተመዝግቦ በኋላ ይመረመራል። የአሜሪካ የጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ሂፓ የሚባለው፣ ለአደጋ ጊዜ መረጃ የሚገኝበት ሥርዓት እንዲኖር ያስገድዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠቅላላና ልዩ ሚና። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሚና የሌላውን መብት ሁሉ ይወርሳል። የተረኛ ነርሶች ኃላፊ ነርስ ናት፤ ነርስ የምታደርገውን ሁሉ ታደርጋለች፣ በተጨማሪም ታካሚ ለነርስ ትመድባለች። ባዶ ሦስት ማዕዘን ጫፍ ያለው ቀስት ከኃላፊዋ ወደ ነርስ ይሳላል። ተማሪ ነርስ ግን በዚህ መንገድ አትሳልም። ከነርስ የምትወርሰው ሁሉ ስላልተፈቀደላት የራሷ የእንጨት ሰው ያስፈልጋታል፤ የመዘገበችውም ነገር በተመዘገበች ነርስ ወይም በአስተማሪዋ መጽደቅ አለበት።

ይህ ለኔ ቀልድ አይደለም። ከተለማመድኩባቸው ቦታዎች በአንዱ ለተማሪዎች የተዘጋጀ ሚና አልነበረም። የለካሁት የደም ግፊት በሌላ ሰው መግቢያ፣ በሌላ ሰው ስም ነበር የሚመዘገበው። ቁጥሩ አጠራጣሪ ቢሆን ሐኪሙ የሚጠይቀው ያልለካችውን ነርስ ነው። እሷ ደግሞ መልሱን አታውቅም። ከሥዕሉ አንድ የእንጨት ሰው ሲጎድል መዝገቡ ስለ ማንነት መዋሸት ይጀምራል።

ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም

ሞላላው ክብ ርዕስ ነው፤ ታሪኩ በጽሑፍ መምጣት አለበት። ለእያንዳንዱ ዩዝ ኬዝ አንድ አጭር ገጽ ይጻፋል። እንዲህ፦

ስም፦ መድኃኒት መስጠት
ዋና አክተር፦ ነርስ
ቅድመ ሁኔታ፦ ትዕዛዙ በፋርማሲስት ተጣርቷል

ዋና ሂደት፦
1. ነርሷ ጊዜው የደረሰውን መድኃኒት ከዝርዝሩ ትመርጣለች።
2. የታካሚውን አምባር ስካን ታደርጋለች።
3. የመድኃኒቱን ባርኮድ ስካን ታደርጋለች።
4. ሲስተሙ ታካሚውን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የሚሰጥበትን መንገድና ሰዓቱን ከትዕዛዙ ጋር ያመሳክራል።
5. ነርሷ መድኃኒቱን ትሰጣለች።
6. ሲስተሙ ማን፣ መቼ እንደሰጠ ይመዘግባል።

አማራጭ ሂደቶች፦
2ሀ. አምባሩ አይነበብም፦ አዲስ አምባር ታትሞ ሂደቱ እንደገና ከ2 ይጀምራል።
4ሀ. አንዱ አይገጥምም፦ ሲስተሙ ያስጠነቅቃል፤ ነርሷ ታቆማለች፣ ፋርማሲስቱን ትጠይቃለች።
5ሀ. ታካሚው አልፈልግም ይላል፦ ምክንያቱ ይመዘገባል፣ ሐኪሙ እንዲያውቅ ይደረጋል።

በተራ ቁጥር 4 ያሉት አምስት ነገሮች የነርሲንግ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት በቃሉ የሚይዛቸው ናቸው። ሲስተሙ ያወቃቸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነርሶችን ስለጠየቀ ነው።

አማራጭ ሂደቶቹን «ዝርዝር ነው» ብላችሁ አትዝለሏቸው። ሮስ ኮፕልና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ነርሶች የባርኮድ ሲስተሙን የሚያልፉባቸውን 15 ዓይነት አቋራጭ መንገዶች ዘርዝረዋል። መነሻዎቹን ስታዩ ስንፍና አይደለም፦ የማይነበብ ባርኮድ፣ የጠፋ ወይም የተጨማደደ አምባር፣ የሞተ ባትሪ፣ በተላላፊ በሽታ ምክንያት ተለይቶ የተኛ ታካሚ። እያንዳንዱ ማንም ያልጻፈው አማራጭ ሂደት ነው። ዲያግራሙ መንገድ ካልሰጣቸው ሰዎች የራሳቸውን መንገድ ይቆርጣሉ፤ ያ መንገድ ደግሞ ጥበቃ የለውም።

ከሥዕሉ ወደ ፈቃድ

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ መስመሮቹ የፈቃድ ሠንጠረዥ ይሆናሉ። በቁመት ሚናዎቹን፣ በአግድም ዩዝ ኬዞቹን ጻፉ፤ መስመር ባለበት ቦታ ምልክት አድርጉ። ፕሮግራመሩ ይህን ወስዶ ማን የትኛውን ቁልፍ እንደሚያይ ይወስናል።

ይህ አሠራር ሚናን መሠረት ያደረገ የመግቢያ ቁጥጥር ይባላል። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ1992 በጽሑፍ አቀረቡት፤ በ2004 የአገሪቱ መደበኛ ደረጃ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፈቃድ ለሚናው ይሰጣል፣ ሚናው ለሰው ይሰጣል። ሰውዬው ክፍል ሲቀይር ሚናውን መንጠቅ ይበቃል፤ መቶ ፈቃድ አንድ በአንድ መልቀም የለም።

ሁለት መመሪያ ያዙ። አንደኛ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ፍቀዱ። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊፈጽመው የማይገባውን ጉዳይ ለሁለት ሚና ክፈሉት። ዕድራችን ደብዳቤ ላይ ሁለት ፊርማ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥዕሉ ላይ የሌለው ልጅ

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ታካሚው በዋርዱ ሲስተም ላይ አክተር አይደለም ብለን ነበር። በሌላ ሲስተም ላይ ግን ዋናው አክተር እሱ ነው፦ የላቦራቶሪ ውጤት የሚታይበት፣ ለሐኪም መልእክት የሚላክበት፣ ቀጠሮ የሚያዝበት የታካሚ ድረ ገጽ። የተለመደው ሥዕል ይህን ይመስላል፦ አንድ የእንጨት ሰው፣ «ታካሚ»፤ ሦስት ሞላላ ክብ፦ ውጤት ማየት፣ መልእክት መላክ፣ ቀጠሮ መያዝ።

እስቲ በእውነት እንነጋገር። ስንቶቻችን ነን የእናታችንን ወይም የአባታችንን የዚህን ድረ ገጽ ፓስዎርድ የምናውቀው? እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል፣ ስልኩ ይሰለቻቸዋል፣ ስለዚህ እኛ እንገባለን። ውጤቱን አንብበን በአማርኛ እንነግራቸዋለን፣ መልእክቱን በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። ማንም ነውር አያደርገውም፤ ልጅ ለወላጁ ይላካል። ግን ሥዕሉ ላይ እኛ የለንም። ሲስተሙ የሚያየው እናታችንን ነው።

ይህ ሦስት ነገር ያበላሻል።

አንደኛው ደኅንነት ነው። «ማዞሩ ቀንሶልኛል» የሚለውን መልእክት ነርሷ የታካሚዋ የራሷ ቃል አድርጋ ታነባለች። በእውነቱ ግን ልጅ እናቱ ያለችውን የተረጎመበት ነው። እናቶቻችን ደግሞ ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው «ደህና ነኝ» ማለት ልማዳቸው ነው። ነርሷ በመካከል ሌላ ሰው እንዳለ ብታውቅ ደውላ በአስተርጓሚ ትጠይቅ ነበር።

ሁለተኛው ገመና ነው። እናት ለልጇ መንገር የማትፈልገው ሕመም ይኖራታል። ፓስዎርዱ በልጇ እጅ ካለ ግን የምትደብቅበት ቦታ የላትም። ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪሟ መልእክት መላኳን ትተዋለች።

ሦስተኛው እኛ ነን። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የእናቱን የካንሰር ምርመራ ውጤት ከሐኪሙ ቀድሞ ሊያነበው ይችላል። በአሜሪካ የጤና ሕግ ሥር የወጣው ደንብ ሆስፒታሎች ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ደኅንነትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ተፈጥሮ ብቁ አስተርጓሚ ወዲያው ሲታጣ ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ የተከለከለው ግን በስልኩ በኩል በየቀኑ ይፈጸማል።

መፍትሔው ወላጆቻችንን «ፓስዎርድ አትስጡ» ብሎ መገሠጽ አይደለም። ሥዕሉ ላይ የእንጨት ሰው መጨመር ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ቃል አለው፦ ወኪል። አዲስ አበባ ያለ ቤቱን ለማከራየት ወይም ለመሸጥ ወደ ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ያልጻፈ የዲያስፖራ ቤተሰብ አለ? ውክልና ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የወካዩና የተወካዩ ስም ተለይቶ ይጻፋል። ለምን እንደተሰጠ ይገለጻል፤ ለማከራየት የተሰጠ ለመሸጥ አይሆንም። ሲፈለግም ይሻራል። ፓስዎርድ መስጠት ግን ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ እንደመስጠት ነው።

ስለዚህ አዲሱ ሥዕል እንዲህ ይሆናል። አክተሮች፦ ታካሚና ወኪል። ለታካሚው የሚጨመሩ ዩዝ ኬዞች፦ ውክልና መስጠት፣ የውክልናን ልክ መወሰን፣ ውክልና መሻር። ለወኪሉ፦ ቀጠሮ መያዝ፣ በወኪልነት መልእክት መላክ፣ የተፈቀደለትን ውጤት ማየት። ወኪሉ በራሱ ስምና በራሱ ፓስዎርድ ይገባል፤ መልእክቱ ላይ «ላኪ፦ ልጅ፣ በእናት ውክልና» የሚል ይታያል። ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህን አገልግሎት አሁንም ይሰጣሉ። የወላጃችሁን ክሊኒክ «ፕሮክሲ አክሰስ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቅጽ ይሰጧችኋል።

የስልክ አስተርጓሚውስ አክተር ነው? በስልክ ብቻ የሚያስተረጉም ከሆነ ሲስተሙን ስለማይነካ አይደለም። ነገር ግን «የታካሚውን ቋንቋ መመዝገብ» የመዝጋቢው ዩዝ ኬዝ፣ «አስተርጓሚ መጥራት» ደግሞ የነርሷ ዩዝ ኬዝ ሆነው መሳል አለባቸው። ካልተሳሉ ቁልፉ አይኖርም። ቁልፉ ከሌለ ደግሞ በሥራ የተወጠረች ነርስ ዞር ብላ «ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል?» ትላለች።

ሥዕላችሁን የምትፈትሹባቸው ጥያቄዎች

ሥዕላችሁን ስትጨርሱ እነዚህን ጠይቁ፦

• አክተሩ የሰው ስም ወይም የኮምፒውተር ክፍል ነው? ወደ ሚና ቀይሩት።
• ሞላላው ክብ ውስጥ ያለው ግብ ነው ወይስ እርምጃ? እርምጃ ከሆነ ወደ ጽሑፉ ውሰዱት።
• ቀስቶች ቅደም ተከተል ለማሳየት ተሠምረዋል? ዩዝ ኬዝ ዲያግራም ቅደም ተከተል አያሳይም፤ ለዚያ ሌላ ዓይነት ዲያግራም አለ።
• አንድ አክተር ወደ ሁሉም ነገር መስመር አለው? «አስተዳዳሪ» የሚባለው ሚና ብዙ ጊዜ ያልታሰበበት ነገር መጣያ ነው፤ ከፋፍሉት።
• በሥራ ቦታው ፓስዎርድ የሚጋሩ ሰዎች አሉ? ካሉ ከሥዕሉ አንድ ሚና ጎድሏል። እነሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ለምን እንደተጋሩ ጠይቁ።
• ሥዕሉን ሥራውን ለሚሠራው ሰው አሳይታችኋል? ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው በአምስት ደቂቃ ካልገባው ሥዕሉ ተወሳስቧል።

የመጨረሻው ጥያቄ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። የዚህ ሥዕል ጥቅም ቀላልነቱ ነው። ነርስ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ወይም እናታችሁ አይተውት «እኔ የታለሁ?» ብለው መጠየቅ መቻል አለባቸው።

እናንተም ሞክሩት

ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በኮምፒውተር መሳል ለምትፈልጉ ድሮው ዶት አይኦ በነፃ ይሠራል፤ ኮድ የምትወዱ ደግሞ ፕላንት ዩኤምኤልን ሞክሩ፣ በጽሑፍ የጻፋችሁትን ወደ ሥዕል ይቀይረዋል።

ለልምምድ የሚሆን ሥራ አጠገባችን አለ። ማኅበራችን የአባላት ምዝገባ፣ የመዋጮና የአዳራሽ ትኬት የሚይዝ አንድ ሲስተም ቢኖረው ሚናዎቹ እነማን ናቸው? ተመርቀው የወጡ አባላት የትኛውን ጉዳይ ይፈጽማሉ? የባለፈው ዓመት ገንዘብ ያዥ ዛሬም መግቢያው ክፍት ነው? ስላችሁ ብትልኩልን ደስ ይለናል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ቀስቶቹን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ የጎደለ ሰው ካለ እፈልጋለሁ።